ወደ ከፍተኛ ተራራ ለሚጓዙ ሰዎች የሚሰጥ የጤና ምክር፦ ከሰቆጣ እስከ ራስ ደጀን

መግቢያ

ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት ያሰበ ሰው ጉዞውን ሲያቅድ ስለ መኪና፣ ስለ ስንቅና ስለ መንገድ መሪ ይጠይቃል እንጂ ወደ ጤና ተቋም ጎራ ብሎ ምክር መጠየቁ እምብዛም የተለመደ አይደለም። የውጭ አገር ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ከአገሩ ሳይወጣ ሐኪሙን አማክሮ፣ መድኃኒቱንም ይዞ ይመጣል። የእኛ ተጓዥ ግን ተማሪም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተሳላሚም ይሁን ለዕረፍት ከውጭ የመጣ ወገን፣ ስለ ከፍታ ሲነሣ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፦ «እኛ እኮ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?»

ይህ ጽሑፍ በተራራ ግርጌ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች የቀረበ ነው። ዓላማውም ከላይ የተጠቀሰው መልስ ምን ያህል እውነት እንደሆነ፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ምን መጠየቅና ምን መመከር እንዳለበት፣ በመንገድ ላይ ቢታመም ደግሞ የትኛውን ሕመም ከየትኛው መለየት እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው።

የደጋ ሰው መሆን ምን ያህል ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ አማካይ የሄሞግሎቢን መጠን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ አኃዞች በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች የማይለዩ በመሆናቸው በዘርፉ ተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅ መደነቅን ፈጥረዋል። በአንዲስና በቲቤት የሚኖሩ ሕዝቦች ከፍታን የሚቋቋሙበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነውና።

ሆኖም ይህ ግኝት ከጥናቱ አልፎ «ኢትዮጵያዊ የከፍታ ሕመም አይዘውም» ወደሚል አባባል መለወጡ ትክክል አይደለም። የተጠኑት ሰዎች በዚያው ከፍታ ተወልደው ያደጉና የሚኖሩ ናቸው። የሰቆጣ ከተማ የምትገኘው በ2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በሰቆጣ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛው በጥቂቱ ይበልጣል። በራስ ደጀን ጫፍ ደግሞ ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል። በሌላ አነጋገር የሰቆጣ ነዋሪ ራስ ደጀን ላይ ሲደርስ በቤቱ ሳለ ሲተነፍሰው ከነበረው ኦክስጅን አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል ማለት ነው። በተከዜ ሸለቆ በአበርገሌና በዝቋላ የሚኖረው የዋግ ሰው የሚያጣው ከዚህም ይበዛል። ስለዚህ «ደገኛ ነህ ወይስ ቆለኛ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት የት አደርክ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይጠቅማል።

ይህ ነገር ከውጭ ለሚመጡ ወገኖቻችን ይበልጥ ይሠራል። ወላጆቹ ከዋግ ወይም ከላስታ የፈለሱ፣ እሱ ግን በዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ወጣት የአያቶቹን ደም ቢወርስም ሳንባው የለመደው የባሕር ወለልን አየር ነው። እንዲህ ያለው ተጓዥ በአውሮፕላን ላሊበላ ደርሶ በማግስቱ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሆነው አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት ሲነሣ ዘመዶቹ «አገርህ ነው፣ ምን ትሆናለህ» ሊሉት አይገባም።

ጉዞን በማደሪያ መለካት

የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ከመድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው የጉዞው አወጣጥ ነው። ዋናው መለኪያም ቀን የተደረሰበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት የሚታደርበት ነው። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው እንዲታደር ነው።

የሰሜን ተራሮችን የቆየ የእግር መንገድ ብንመለከት ይህ ምክር ሳይጻፍ ሲፈጸም እናገኘዋለን። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅም እንዲሁ 3,600 ገደማ ናቸው። ከዚያ የቧሒትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ አምቢቆ ይወረዳል፤ በዚያም በ3,200 ሜትር ታድሮ በማግስቱ ራስ ደጀን ተወጥቶ ይመለሳል። በእግሩ የሚጓዝ ሰው የሚደክመውን ያህል ሰውነቱም ይላመዳል። ችግሩ የመጣው ከመኪናው መንገድ ጋር ነው። ዛሬ ከጎንደር ማለዳ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን ጨነቅ ደርሶ ሊያድር ይችላል፤ ይህም በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል መጨመር ነው። ጊዜ አጥሮት መኪናን የመረጠ ተጓዥ ቢያንስ አንድ ሌሊት በደባርቅ፣ ቢቻል ሌላም ሌሊት በሳንቃ በር እንዲያድር መምከር የባለሙያው ድርሻ ነው። የበጀት ነገር ከተነሣ አንድ የደባርቅ አልጋ በሌሊት ታማሚ ተሸክሞ ከማውረድ ይረክሳል።

ጊዜ ለሌለው ወይም ከዚህ በፊት የከፍታ ሕመም ለያዘው ሰው አሴታዞላማይድ ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት በአገራችን በአብዛኛው የሚታወቀው ለግላኮማ በመሆኑ ለተራራ ጉዞ ሲጠየቅ የሚገረም የፋርማሲ ባለሙያ ሊያጋጥም ይችላል። ለአዋቂ 125 ሚሊግራም፣ ማለትም የባለ 250 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከፍተኛው ማደሪያ ላይ ከተደረሰ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ይቀጥላል። ጣትን መቆርጠምና ሽንት ማብዛት የታወቁ ጠባዮቹ ናቸው። የአምቦ ውሃንና የለስላሳ መጠጦችን ጣዕም ማበላሸቱንም አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ካልተነገረው ተጓዡ ጠርሙሱ ተበላሽቶ ነው ብሎ ከባለሱቁ ጋር ይጣላል። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሰልፋ መድኃኒቶች ብርቱ አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም።

መውጣት የሌለበትን ሰው ለይቶ ማቆየትም ሊዘነጋ አይገባም። በእኛ አገር ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሃያ ዓመት ወጣት በመሆኑ ማንም አይጠረጥረውም፤ የሚትራል ቧንቧው የጠበበ፣ በሳንባው የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊትም አስቀድሞ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በከፍታ ላይ የሚደርስበት አደጋ ትልቅ ነው። ስለዚህ የልብ ድምፅ ሳይደመጥ ማንንም መሸኘት አይገባም። በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ሳንባው የተጎዳ፣ ብርቱ የደም ማነስ ያለበት፣ የሚጥል ሕመሙ በመድኃኒት ያልተገታ ሰውም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በሻንጣ ሳይሆን ከገላው አስጠግቶ መያዝ አለበት፤ ኢንሱሊን አንዴ ከበረደ በኋላ ቢሟሟም አያገለግልም።

ስለ ጾም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ብዙው ተጓዥ፣ በተለይም ተሳላሚው፣ በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ አቀበት ይወጣል። ባለሙያው ጾሙን ለመሻር ቢሟገት የሚሰማው አያገኝም፤ ተገቢም አይደለም። ይልቁን አቀበቱ በማለዳ እንዲያልቅ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስከ መኝታ ድረስ ውሃ በብዛት እንዲጠጣ፣ ቀሪው መንገድ ለማግስቱ እንዲተው ቢመክር ይሰማል። ምክሩ በኽምጥኛ ቢሰጥ ደግሞ ይበልጥ ይደመጣል።

ስለ በረዶና ስለ ብርድ

በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ የረጋውን ውሃና እንደ ጥጥ የሚነጠፈውን ነጩን ሁሉ ነው። በዚህም ምክንያት «በአገራችን በረዶ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የቃል ክርክር ይሆናል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ተናጋሪ ተጓዥ በአዱሊስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ አንድ የአክሱም ንጉሥ እስከ ሰሜን ሰዎች ድረስ መዝመቱን ሲገልጽ በተራራው ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ መኖሩን ይጠቅሳል። ዛሬ በራስ ደጀን ላይ ነጩ በረዶ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ሰንብቶ ግን አይቆይም። ስለሆነም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ መውጣት እንጂ መንሸራተት የለም።

መንሸራተት ያለው በውጭ አገር ነው፤ የእኛ ሰዎችም ከዚያ አልራቁም። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒክ ውድድሮች ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። በኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ዘመድ ሊጠይቅ ዴንቨር የሄደ ሰው ሰኖውቦርድ በሚባለው ሰሌዳ ለመንሸራተት ወደ ሮኪ ተራሮች መዝናኛዎች ሊጋበዝ ይችላል። እንዲህ ላለው ተጓዥ የሚሰጠው ምክር ከላይ ከተባለው አይለይም፤ ከ1,600 ሜትር ተነሥቶ በ2,900 ሜትር ገደማ ስለሚያድር የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት ቢያሳልፍ ይመረጣል። የሚጨመረው ስለ አጥንት ነው። ሰኖውቦርድ ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ የሚሰበረው በአብዛኛው የእጁ አንጓ ነው፤ የአንጓ መከላከያና የራስ ቁር ማድረግ፣ በአሠልጣኝ መጀመር፣ ለተራራ አደጋ የሚከፍል የጉዞ መድን መግዛት ይገባል። በበረዶ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶው ተመልሶ ፊትን ስለሚመታ ጥቁር መነጽር ለቅንጦት አይደለም። ያለ መነጽር የዋለ ሰው ማታውን ዐይኑ በአሸዋ የተሞላ ያህል ቆጥቁጦት ማየት ይሳነዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሽረዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ የራስ ደጀን ጫፍ ከሰቆጣ በ15 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጋቢ በደረቅ ብርድ የሚያስመሰግን ልብስ ነው፤ በዝናብ ከራሰ ግን ከጥጥ የተሠራ በመሆኑ ሙቀትን ይነጥቃል። ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋል። አረቄ ያሞቃል የሚባለው በቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ነው፤ በዚያው ልክ የውስጥ ሙቀት ይወጣል። ሌሊት አተነፋፈስንም ያዳክማል። ተንቀጥቅጦ መንቀጥቀጡን ያቆመ፣ ንግግሩም የተጎተተ ሰው ከብርድ የዳነ ሳይሆን የባሰበት ነው። አብዛኛው የመስታወት ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብ በዚህ ጊዜ ሊያታልል ይችላል።

የተራራ ላይ የራስ ምታት

የከፍታ ሕመም መነሻ ምልክቱ የራስ ምታት ነው። ከወጡ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጀምሮ የራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ የከፍታ ሕመም ተብሎ ይያዛል። እዚህ ላይ «ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ» የሚለው ሐረግ በእኛ አገር ልዩ ክብደት አለው። ከሌላው ዓለም የተገለበጡ መመሪያዎች የሚናገሩት ከከተማ ወደ ተራራ ስለሚወጣ ጤነኛ ቱሪስት ነው፤ ስለ ዋግ ሰው አይደለም።

አንድ ወጣት እናስብ። በተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ በዝቋላ በኩል ሁለት ሳምንት ዓሣ ሲያጠምድ ቆይቷል። ከዚያ እንግዶችን እየመራ ወደ ተራራ ይወጣል። በ3,600 ሜትር በሁለተኛው ሌሊት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዝላል። ጓደኞቹ በአንድ ድምፅ «ከፍታ ነው፣ ይለቀዋል» ይላሉ። ግንባሩን የነካ ግን የለም። የከፍታ ሕመም በራሱ ይህ ነው የሚባል ትኩሳት አያመጣም። ይህ ሰው ከቆላ ከወጣ ገና ጥቂት ቀናት በመሆናቸው ፋልሲፓረም ወባ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሌሊት ዝም ቢባል ወደ አንጎል ወባ ሊያልፍ ይችላል። ተከዜን ተሻግረው የሚወጡ ተጓዦች ሁሉ ይህ አደጋ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡበት ሁኔታ ደግሞ ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በመሆኑም ቆላ ሰንብቶ ወደ ተራራ ለሚወጣ ቡድን በመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትርና የወባ ፈጣን መመርመሪያ ሊኖር ይገባል። ትኩሳት ያለው ሰው ወባው ቢገኝም ባይገኝም ወደ ላይ አይወጣም። ምርመራው ከወባ ነፃ ካሳየና ታማሚው ቅማል በበዛበት ስፍራ ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቆ ያደረ ከሆነ ተስቦና የግርሻ ትኩሳት ይታሰባሉ፤ ሁለቱም የደጋ ብርድ ወዳጆች ናቸው።

ሁለተኛው ጠላት ከሰል ነው። ብርድ የጠናበት ቡድን ምድጃውን ወደ ቤት ወይም ወደ ድንኳን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ጠዋት ሁሉም ራሳቸውን ታመው፣ አቅለሽልሿቸው ይነሣሉ፤ አንዳንዱም ላይነሣ ይችላል። በአንድ ቤት ያደሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙና ወደ ውጭ ሲወጡ ከቀለላቸው የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። ፐልስ ኦክሲሜትር በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አይታመንም፤ መርዙን ከኦክስጅን መለየት ስለማይችል የታፈነውን ሰው ደህና አድርጎ ያሳያል። በጣት ብርድም ምክንያት ሲሳሳት ይታያል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ታማሚውን መመልከት ይሻላል።

ቀላሉንም አንርሳ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ ሰው ጉዞ ላይ ጀበናውን ካጣ ከአንድ ቀን በኋላ ራሱን ያመዋል። የውሃ ጥማትም እንዲሁ። ቡና አፍልቶ፣ ውሃ አጠጥቶና ፓራሲታሞል ሰጥቶ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። ለእንቅልፍ ተብሎ ዲያዜፓም መስጠት ግን አተነፋፈስን ስለሚያዳክም አይመከርም።

ሳይዘገይ መውረድ

ቀላል የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው ባለበት አርፎ ከተሻለው በኋላ መቀጠል ይችላል፤ ካልተሻለው ይወርዳል። ሁለት ሕመሞች ግን ጊዜ አይሰጡም። የመጀመሪያው የአንጎል እብጠት ነው፤ ታማሚው ግራ ይጋባል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ማዘዝ በማንኛውም ሜዳ ላይ የሚሠራ ምርመራ ነው። ሁለተኛው የሳንባ ውሃ መቋጠር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከወጡ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይነሣል፤ ተቀምጦ ሳለ መተንፈስ መቸገር፣ ሳል፣ ኋላም ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ ያሳያል። ከሳንባ ምች ለመለየት አስቸጋሪ ከሆነ አንቲባዮቲክ መጀመር ይቻላል፤ መውረዱ ግን ለዚህ ተብሎ አይዘገይም።

የሁለቱም ዋና ሕክምና መውረድ ነው፤ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር፣ ወይም ምልክቱ እስኪቀል ድረስ። ኦክስጅን ከተገኘ ሙሌቱ ከ90 በመቶ በላይ እስኪሆን ይሰጣል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን በመጀመሪያ 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየስድስት ሰዓቱ 4 ሚሊግራም ይሰጣል፤ በጤና ጣቢያዎች የሚገኘውን መርፌ በጡንቻ መስጠት ይቻላል። ለሳንባው ኒፌዲፒን ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት 30 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ የሚሰጠው ኦክስጅንም መውረድም ባልተቻለበት ጊዜ ነው። ፈጥኖ የሚሠራውን ከምላስ ሥር ማድረግ የደም ግፊትን በድንገት ስለሚጥል መቅረት አለበት።

ሳንባው ውሃ የቋጠረ ሰው በእግሩ ባይሄድ ይመረጣል፤ ድካም ያብስበታል። አምቡላንስ በማይደርስበት ስፍራ የቀረው በቅሎና ቃሬዛ ነው። ግራ የተጋባና የሚንገዳገድ ሰው በበቅሎ ላይ ራሱን መያዝ ስለማይችል በቃሬዛ፣ መተንፈስ የተቸገረው ደግሞ ከወገቡ ቀና ተደርጎ ይወርዳል። ስለዚህ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያው የሚጠይቀው የመጨረሻ ጥያቄ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ በየማደሪያው በቅሎ የሚያከራይ ማን እንደሆነ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ ስንት ሰዎች እንዳሉ፣ ስልክ የሚሠራው ከየትኛው አምባ ላይ እንደሆነ ነው። በዋግ በኩል የሚወርደው ታማሚ መድረሻው ሰቆጣ የሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ይላካል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት የዋግ ኽምራን ጤና ተቋማት ክፉኛ ጎድቶ ነበር፤ በአማራ ክልል በ2023 ግጭት ከተነሣ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ የሚወረድበት ጤና ጣቢያም ኦክስጅን ያለው መሆኑን ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መንገዱ ከተዘጋ ወይም ኦክስጅን ከሌለ የጉዞው ቀን ይለወጣል።